ከርከሮ የነካው ቢላዋ

ከርከሮው ፍላጻው ጎኑ ላይ እንደተተከለ ማሽላው ውስጥ ጠልቆ ገባ፤ እንደሻውም ተከትሎት ገባ። አገዳው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ጠል የያዘው ቅጠል ፊቱን እየቧጨረው፣ ከፊት ለፊቱ የሚንኮሻኮሸውን ብቻ እያዳመጠ ሮጠ። ከኋላው «ቀስ! አቦ ቀስ በል!» የሚል የታፈነ ድምፅ ሰማ። ቀስ አላለም። እንደሻው ሀብተወልድ በዚያ መስከረም ቀስ የሚል ሰው አልነበረም።

ጣልያን ከሐረር ከወጣ ሁለተኛው ዓመት ነው። ንጉሡ ተመልሰዋል፤ ሹማምንቱም ወደየቤታቸው ተመልሰዋል፤ ያልተመለሰው እህሉ ነው። በኤረር ሸለቆ፣ ጨፌ በምትባል መንደር፣ በሬውን ጣልያን ለጦሩ ሥጋ ነድቶት፣ ፍየሉን ደግሞ የሚሸሸው ወታደር ጠርጎ ወስዶት፣ ገበሬው በዶማ ቆፍሮ የዘራት ማሽላ እሸት ልትሆን ስትል ከርከሮ ወረደባት። ጠመንጃ ቢኖር አንድ ነገር ነበር። ጠመንጃ ግን ይመዝገብ፣ ርክክብም ይደረግ ተብሏል፤ የደበቀውም ቢሆን መተኮስ አይደፍርም፤ አንድ ጥይት ከጮኸ የጅጅጋ መንገድ ጠባቂዎች በካሚዮን ተጭነው ይደርሳሉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ የአያቱን ደጋን ከጣሪያው ሥር አወረደ፤ ጢሱን አራግፎ አዲስ ጅማት ወጠረበት።

ከርከሮውን ከማሳው ዳር አንድ አጋም ሥር ተዘርግቶ አገኘው። እግሩ ይንፈራገጣል እንጂ ዓይኑ ሄዷል። እንደሻው ተንበርክኮ ቢላዋውን ከወገቡ መዘዘ። የአባቱ የባላምባራስ ሀብተወልድ ቢላዋ ነው፤ እጀታው የጎሽ ቀንድ። የአውሬውን ጎን ቀድዶ፣ መርዙ እንዳይነካው ጣቶቹን በቅጠል ጠቅልሎ፣ የፍላጻውን ጫፍ መንቀል ያዘ።

ዓብዱላሂ ደረሰ። ረዥም ነው፤ ረሃቡ ደግሞ ይበልጥ አርዝሞታል። የጨፌ ገበሬ ነው፤ አባቱ የባላምባራስን መሬት ያርስ ነበርና ሁለቱ አብረው አድገዋል፤ በልጅነታቸው በአንድ ደጋን ርግብ ሲያሳድዱ ማሳ ረግጠው በአንድ አለንጋ ተገርፈዋል። እያለከለከ ቆሞ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

«ያን ቢላዋ ወደ እኔ እንዳታመጣው» አለ።

«ሞቷል እኮ፤ አይነክስህም።»

«ነጂስ ነው አልኩህ። ለአንተስ ያው አይደለም?»

«ለእኔም ያው ነው። ባሌስትራ ግን ከየት አመጣለሁ?»

እውነቱን ነው። የፍላጻዎቹን ብረት የቀጠቀጠው እሱ ራሱ ነው፤ ከተቃጠለ የጣልያን ካሚዮን ባሌስትራ ቆርጦ፣ ሞርዶ። አንድ ጫፍ ከጠፋ ሌላ የለም። ነቀለውና ቢላዋውን በሣር ጠርጎ መለሰው። ከርከሮውን እዚያው ተዉት። ክርስቲያኑ አይበላው፣ ሙስሊሙ አይነካው፤ የከርከሮ አደን ትርፉ ለጅብ ነው።

«ትንሿ ልጄ ኸዲጃ» አለ ዓብዱላሂ ወደ ወንዙ እየወረዱ፣ «‹ዛሬ ማታ ጨረቃዋ ከታየች ለዒዱ ሥጋ እንበላለን ወይ?› አለችኝ። እንበላለን አልኳት። ውሸት ፆም ያፈርሳል ወይ?»

እንደሻው መንገዱን እያየ ወረደ። ከጨፌ ልጆች ማንኛውንም ቢያይ የአንገቱ ጅማት ይቆጠር ነበር። መንደሩ ረመዳንን የጾመው በቀን ብቻ አይደለም፤ ማታም የሚያፈጥሩበት የጎመን ቅጠልና ውሃ ነው። ዓብዱላሂ የራሱን ቢላዋ ሳይቀር በሐምሌ ሐረር ጊደር መጋላ ገበያ ወስዶ በአንድ ቁና ማሽላ ለውጦታል።

እንደሻውም የራሱ ረሃብ ነበረው፤ የሆድ ባይሆንም። በአምስቱ ዓመት አባቱ ዱር ገብቶ እዚያው ሲቀር፣ እሱ እናቱን ለመጦር ሐረር ውስጥ የጣልያን ጋራዥ ተቀጠረ። ጎማ ነፋ፣ ብሎን ፈታ። ባንዳ አልነበረም፤ አርበኛም አልነበረም። ያለፈው መስቀል፣ ከሐረር ግንብ ፈላና በር ውጭ ደመራው ሲነድ፣ ወንዱ ሁሉ ተራ በተራ ሲፎክር፣ እሱም የአባቱን ስም ጠርቶ ሊነሳ ሲል ግራዝማች ለገሠ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ «አንተ ተቀመጥ፣ የጣልያን ጎማ ነፊ!» አሉት። ሰው ሳቀ። እናቱ ወይዘሮ እልፍነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ እንደሻው እንቅልፍ የለውም።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ዓብዱላሂ ድንገት ክንዱን ያዘው። እርጥቡ አሸዋ ላይ የሰው መዳፍ የሚያህል ኮቴ ታትሟል፤ ጠርዙ ገና አልደረቀም።

«ጋፈርሳ» አለ በሹክሹክታ።

ጎሽ። ከቆላው ሽቅብ የወጣ አንድ ብቸኛ ኮርማ። ጎሽ የገደለ ሰው አይሰደብም። ጎሽ የገደለ ሰው ጭራውን ይዞ በፈላና በር ይገባል፤ ሴቱ እልል ብሎ ራሱን ቅቤ ይቀባዋል፤ ቤቱም ጎረቤት ተጠርቶ ሥጋው ይበላል። በተለይ ሥጋው መበላት አለበት። ጭራ ብቻ ይዞ የመጣን ሰው «ከየት ለቀምከው?» ይሉታል። ሥጋውን የበላ ጎረቤት ነው ምስክሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእነዚያ አገሮች ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ለአደን ሲወጡ ከሁሉ በፊት የሚነጋገሩት ስለ ቢላዋ ነው። ክርስቲያን በስመ አብ ብሎ ያረደውን ሙስሊሙ አይቀምስም፤ ሙስሊሙ ቢስሚላሂ ብሎ ያረደውን ክርስቲያኑ አይቀምስም፤ ሳይታረድ የሞተውን ደግሞ ሁለቱም በክት ብለው ይጥሉታል። ስለዚህ ማን እንደሚያርድ፣ ቆዳው ለማን እንደሆነ፣ ገና ደጃፍ ላይ ይቆረጣል። እነዚህ ሁለቱ ግን የወጡት ለከርከሮ ነው። ለከርከሮ ማን ስለ ቢላዋ ይመክራል?

ሁለቱም አሰቡት። ተያዩም። ከሁለቱ አንዱም አልተነፈሰውም። እንደሻው የጎረቤቱን ጉባኤ፣ ዓብዱላሂ የልጁን አንገት እያሰበ፣ ዱካውን ተከትለው ሄዱ።

ኮርማውን ረፋዱ ላይ አገኙት። ከወንዙ ማዶ ቀንጠፋ በበዛበት ጥላ ሥር ቆሟል፤ ጭቃ ጀርባው ላይ ደርቆ፣ ጆሮው ዝንብ እያባረረ። ዓብዱላሂ አፈር ቆንጥሮ በተነ። ነፋሱ ከጎሹ ወደ እነሱ ነው። በሆዳቸው እየተሳቡ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ደረሱ። ዓብዱላሂ ከኮሮጆው ሁለት ፍላጻ አወጣ፤ በጫፋቸው የተጠቀለለውን ቆዳ ቀስ ብሎ ፈታ። ከመረንዝ ዛፍ፣ የጨፌ ሰዎች ቀራሩ ከሚሉት፣ ተቀቅሎ የወጣ መርዝ ነው፤ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። ከሁለቱ አንዱን ለእንደሻው ዘረጋለት።

«አንተ ጀምር» አለው። ቀድሞ ያደማ ገዳይ ይባላል፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

«ለምን እኔ?»

«የመስቀሉን ሰምቻለሁ። አማቴ ሳፊያ እዚያው በሩ ጋ ቅቤ ይሸጡ የለ?»

እንደሻው ፊቱ ጋለ። ዓብዱላሂ ግን አላየውም፤ ዓይኑ ጎሹ ላይ ነው። «አንድ ነገር ብቻ። ከወጋኸው በኋላ ድምፅ የለም። ትንፋሽ የለም። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ መርዙ ሥራውን ይሠራል። እኛ እዚሁ ነን። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

እንደሻው በአንድ ጉልበቱ ተነሳ። ደጋኑን እስከ ጆሮው ሳበ። ኮርማው አንድ እግሩን ወደፊት አነሳ፤ ከክንዱ በስተኋላ ያለው ቆዳ ተወጠረ። ለቀቀው።

ፍላጻው ድምፁ እንኳ እምብዛም አልተሰማም። ገብቶ ላባው ብቻ ቀረ። ኮርማው ተወራጨ፣ ዞረ፣ ማን እንደነካው አጣ። በዚያች ቅጽበት ዝም ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ አጭር ነበር።

ዝም አላለም። ከሆዱ የወጣውን ነገር እሱም አላዘዘው። ቋጥኙ ላይ ዘልሎ ወጣና ደጋኑን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ ደመራው ዳር ያልወጣለትን ሁሉ አወጣው፦

«ዘራፍ! ገዳይ! የሀብተወልድ ልጅ!»

ሸለቆው መለሰለት፤ «ልጅ... ልጅ...» እያለ። ኮርማው ራሱን አነሳ። አሁን ማን እንደወጋው አወቀ።

የመጣበት ፍጥነት ለዚያ ግዙፍ ገላ የማይታመን ነበር። እንደሻው ሊወርድ ሲል እግሩ በሁለት ድንጋይ መሃል ተያዘ። ያኔ ዓብዱላሂ ከጎኑ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ሽርጡን ፈቶ እያውለበለበ፣ «ኮቱ! ና ወደዚህ! ኮቱ!» እያለ ወደ ሜዳው ሮጠ። ኮርማው አንገቱን መለሰ። ሰውየው አንዴ ዘወር ብሎ አመለጠው፤ ሁለተኛውን አላመለጠም። ቀንዱ ጭኑ ሥር ገባ፤ ወደ ላይ ወረወረው፤ ወድቆ ተንከባለለና ቀረ። ኮርማው በላዩ አልፎ ሄደ፣ ቀንጠፋውን ሰብሮ ገባ፣ ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የትንፋሹ ኩርፊያ ብቻ ሆነ።

እንደሻው እግሩን አስለቅቆ ደረሰ። የዓብዱላሂ ጭን ከጉልበቱ በላይ ተተርትሮ ደሙ ሣሩን አርሶታል። ነጠላውን ቀድዶ፣ አጥብቆ፣ በእንጨት አዙሮ አሰረው። አፉ የሚለውን አያውቅም። «እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የገደልኩህ፤ ይቆረጥ ምላሴ» ይላል።

«አልሞትኩም፤ አትቅበረኝ» አለ ዓብዱላሂ ጥርሱን ነክሶ። «ሂድ እየው። ቆሟል?»

እንደሻው በቀንጠፋው መሃል አጮለቀ። ኮርማው ከድንጋይ ውርወራ በማይርቅ ቦታ ቆሟል። ጉልበቱ ይብረከረካል። ከዚያ የፊት እግሮቹ ታጠፉ፤ ተንበረከከ፤ በጎኑ ወደቀ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። መርዙ ልቡ ዘንድ ደርሷል፤ ከዚህ በኋላ ብዙ አይቆይም።

«ወድቋል። በሕይወት አለ።»

«እንግዲያ ፍጠን» አለ ዓብዱላሂ ዓይኑን ጨፍኖ። «እረደው። ያንተ ፍላጻ ነው ቀድሞ ያደማው።»

«እናንተስ?»

«እኛ አላህ አለን።»

ልመና የለበትም፤ ቁጣም የለበትም። ቢለምነው ይቀለው ነበር። እንደሻው ቢላዋውን መዘዘና ሄደ። ኮርማው አጠገብ ቆመ። ትልቁ ጥቁር ዓይን አየው። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አንዴ መሳብ ብቻ። ከዚያ ጓሮው ሙሉ ሰው፣ እናቱ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገልጠው፣ ግራዝማች ለገሠ ቁርጡን እየጎረሱ ቃል አጥተው። እሱ ደግሞ መሃል ላይ ቆሞ «የሀብተወልድ ልጅ» ሲል። ይህን ሁሉ አየ። ያን ያህል ነበር የፈለገው፣ እጁም ወደ ጉሮሮው ሄዶ ነበር።

«የሀብተወልድ ልጅ» የሚለው ቃል ግን አፉ ውስጥ መረረው። አሁን አሁን የጮኸው ይህንኑ አይደል? በዚህችው ቃል ምክንያት አንድ ሰው እዚያ ሣር ላይ ደሙን እያፈሰሰ ነው፤ ያውም የፍላጻውን ተራ የሰጠው ሰው። ነገ ጠዋት ደግሞ ኸዲጃ የተባለች ልጅ አባቷን ሥጋው የታለ ትለዋለች። እንደሻው በራሱ አፈረ። ያቺ እፍረት ከመስቀሉ እፍረት ትበልጥ ነበር።

ተመልሶ ሮጠ።

«ተነስ» አለው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«የምታርደው አንተ ነህ። ተነስ፣ እጎትትሃለሁ።»

ዓብዱላሂ ረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ ዓይኑ ወደ እንደሻው እጅ ወረደና እዚያው ቀረ። እንደሻውም ወደ ገዛ እጁ ተመለከተ። ቢላዋው። ከእጀታው ሥር፣ ሣሩ ያልጠረገው የከርከሮ ደም ጠቁሮ ደርቋል።

ሁለቱም ሌላ ቢላዋ አልያዙም። ፍላጻዎቹ መርዝ ናቸው።

«ውሃ አለህ?» አለ ዓብዱላሂ።

«ቅሉ ውስጥ ትንሽ አለች።»

«ከርከሮ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል። አንዱን ባፈር።»

«ውሃዋ ላንተ ናት! ደምህ እኮ አለቀ፤ ከንፈርህ ነጭ ሆኗል!»

«ፆም ነኝ።»

«የቆሰለ ሰው እንደሚያፈጥር እኔ እንኳ አውቃለሁ!»

«እኔም አውቃለሁ። ወንዙ ሩቅ ነው፣ ጎሹ አይጠብቅህም። እጠብ።»

እንደሻው ቅሉን ፈታ። አፈር ዘገነና ስለቱን ከጫፍ እስከ እጀታ ጭቃ አድርጎ ፈተገው፤ አንድ። ትንሽ ጠብ አድርጎ አለቀለቀ፤ ሁለት። ከቀንጠፋው ወዲያ ትንፋሹ ይሰማል፤ ይረዝማል፣ ይቋረጣል፣ ይመለሳል። ሦስት። ዓብዱላሂ ከንፈሩን በምላሱ እያራሰ እያንዳንዷን ጠብታ በዓይኑ ይከተላል። ያን ዓይን ላለማየት እንደሻው አንገቱን ደፋ። አራት። «አትቸኩል፤ ሁሉን ይድረሰው» አለው ቁስለኛው። አምስት። ትንፋሹ ቆመ። እንደሻው እጁ ደረቀ። ሁለቱም ጆሮ ሆኑ። ቆይቶ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ የሚመስል አንድ ማቃሰት ተሰማ። ስድስት። ቅሉ ሲነቀነቅ ድምፅ የለውም። ዘቅዝቆ ያዘው፤ ከጠርዙ ጥቂት ጠብታ ተንጠባጠበች፤ በጣቱ አዳርሶ ስለቱን በሁለቱም ፊት አራሰው። ሰባት።

ከዚያ ሰውየውን ብብቱ ሥር ገብቶ ጎተተው። ዓብዱላሂ ጮኸ፤ ሁለተኛ አልጮኸም፤ የተረፈውን የነጠላ ቁራጭ ነክሶ ያዘ። ቀንጠፋው የሁለቱንም ቆዳ ቀደደ። ኮርማው ሲደርሱበት የኋላ እግሩን ሰነዘረ፤ ድንጋይ ተፈነጠረ። እንደሻው ዓብዱላሂን ከአንገቱ ዘንድ አስቀምጦ ቀንዶቹን በሁለት እጁ ያዘ።

«ቂብላው ወዴት ነው?»

«ወደ ጋራው። በግራህ።»

ባላምባራስ ሀብተወልድ ከመቃብር ቀና ቢሉ ልጃቸው የጎሽ ራስ ወደ መካ ሲያዞር ያዩ ነበር። አንገቱ ከግንድ ይከብዳል። እግሩን ድንጋይ ላይ ተክሎ፣ ወገቡ እስኪንቋቋ ጠመዘዘው፤ ዞረ። ዓብዱላሂ ቢላዋውን ጨበጠ። ስለቱ ቆዳው ላይ ይንሸራተታል።

«እጅህን ልያዝልህ?»

«አትንካኝ! ማረዱ ላይ እጅህ ካለበት አይበሉትም።»

እንደሻው ቀንዱን ብቻ ይዞ ቀረ። በሕይወቱ ከዚህ የከበደ ነገር አላደረገም፤ አጠገቡ የሚያቅተውን ሰው አለመርዳት። ዓብዱላሂ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሽ ሰበሰበ። «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» አለና ክብደቱን ሁሉ ቢላዋው ላይ ጣለው።

ደሙ ትኩስ ሆኖ ተንፎለፎለ፤ እየዘለለ፣ የሕያው ደም። ኮርማው አንዴ ተወራጭቶ እንደሻውን ደረቱ ላይ መታውና ተረጋጋ። ዓብዱላሂ ግንባሩን ጎሹ አንገት ላይ አሳረፈ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እንደሻውም አለቀሰ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም።

ቀጥሎ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ወደ ጨፌ ማማዎች ተጣራ። ያ ትልቅ ጉሮሮው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁም ነገር ዋለ።

መንደሩ ወጣ። ቁስለኛውን በቃሬዛ፣ ሥጋውን በቅርጫትና በቆዳ ተሸክመው ገቡ። ፍላጻው የገባበትን ዙሪያ ቆርጠው ቀበሩት። ወጌሻው ጭኑን አይቶ «ያነክሳል እንጂ ይኖራል» አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ዓብዱላሂ በቃሬዛው ላይ እንደተኛ ሚስቱ ዘቢባ ውሃ ይዛ መጣች። ቅሉን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ፣ ጠጣ፣ እስኪበቃው ጠጣ። ወዲያው ጨረቃዋ ታየች።

ከዚያ በየደጁ እሳት ነደደ። የሥጋው ሽታ እንደሻውን ሊገድለው ደረሰ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ከመንደሩ ሰው ሁሉ የማይበላው እሱ ብቻ ነበር፣ የገደለውም እሱ ነበር። ዘቢባ አሰበችበት። ከርከሮ ካስቀረላቸው ማሽላ ሁለት ራስ ቆርጣ፣ ለእሱ ብቻ በተለየ እሳት እሸት ጠበሰችለት። እየፈለፈለ ሲበላ ኸዲጃ ቅባት በቅባት በሆነ አፏ ፊቱ ቆማ ታየው ነበር።

«አንተ ሥጋ አትወድም?» አለችው።

«እወዳለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዛሬ እሸት አማረኝ።»

ሊተኛ ሲል ሼህ ሳኒ፣ የመንደሩ ሽማግሌ፣ ጭራውን በቅጠል ጠቅልለው አመጡለት። «ዓብዱላሂ ላከኝ፤ ቀድሞ ያደማው እሱ ነው ብሏል» አሉት።

በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ ፈላና በር ላይ ሰው እንደ ጉድ ነበር። ከየገጠሩ ነጭ ለብሶ ለዒድ ሶላት የሚገባው ከቅዳሴ ከሚወጣው ጋር ይተላለፋል። ጎሽ መገደሉ ቀድሞ ተሰምቷል። ግራዝማች ለገሠ ካባቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በሩ ሥር ቆመው ጠበቁት። ወይዘሮ እልፍነሽም ከሴቶቹ መሃል ነበሩ፤ ልጃቸውን ከሩቅ ሲያዩ እልልታው ጉሮሯቸው ላይ መጣ።

«ጭራውን አየን» አሉ ግራዝማች። «ሥጋው የታለ?»

«ተበላ፣ ጌታዬ።»

«ማን በላው?»

«የጨፌ ሰዎች።»

ጉምጉምታ ሆነ። የወይዘሮ እልፍነሽ እልልታ እዚያው ቀረ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ መለሱ። ግራዝማች አንድ ርምጃ ቀረቡ።

«ማን አረደው?»

«ዓብዱላሂ።»

«ዓብዱላሂ!» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «እንግዲያ አንተ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

እንደሻው ብዙ መልስ ነበረው። ፍላጻው የማን እንደነበር መናገር ይችላል፤ ሼህ ሳኒን ምስክር መጥራት ይችላል። ከዚያ ግን ስለ ጩኸቱም መናገር ሊኖርበት ነው። የአባቱን ስም እንዳይጠራ አፉን ገታ።

«ቢላዋውን አጠብኩ» አለ።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ግራዝማች እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «ድሮ ጎማ ነፊ፣ ዛሬ ደግሞ ቢላዋ አጣቢ!» አሉ። እንደሻው የሚያቃጥለውን እፍረት ጠበቀ፤ አልመጣም። በሩን ሊያልፍ አንድ እግሩን አነሳ።

ያልሳቁ አንዲት ሴት ነበሩ። እማማ ሳፊያ ከግንቡ ሥር ከቅቤ ቅላቸው አጠገብ ተነሱ፤ ጎንበስ ብለው፣ ጉልበታቸውን ደግፈው። ጎህ ሲቀድ ከልጃቸው ከዘቢባ የሥጋ ድርሻ ደርሷቸዋል፤ ከሥጋውም ጋር ወሬው በሙሉ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። እንደሻው ፊት ቆሙና ቁመቱን በዓይናቸው ለኩ።

«ጎንበስ በል፣ ልጄ» አሉት።

ጎንበስ አለ። ለዒዱ ገበያ ካመጡት ቅቤ በሙሉ እጃቸው ዘግነው ራሱ መሃል ላይ አኖሩለት፤ በሁለት መዳፋቸውም ጫኑት። ከዚያ ቀና ብለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ብቻቸውን እልል አሉ።

ሳቁ ጸጥ አለ። ግራዝማች ለገሠ ከዘራቸውን አየት አደረጉ። ከሴቶቹ መሃል ወይዘሮ እልፍነሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡና ሁለተኛውን እልልታ አቀለጡት። እንደሻው ቅቤው በግንባሩ እየወረደ፣ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ አንድ ቃል ሳይናገር በፈላና በር ገባ።